ጦሳን የማያጠራው ሌንስ

ጥያቄ፦ ከአባቴ ዜኒት ካሜራ የፈታሁትን ሄሊዮስ 44-2 ሌንስ በአዳፕተር ቀለበት ኒኮን ዲ3200 ላይ ገጠምኩት። ሰው በቅርብ ሳነሳ ጥርት ይላል። የጦሳን ተራራ ሳነሳ ግን ፎከሱን እስከ ጥጉ ባዞረውም ብዥ እንዳለ ይቀራል። ከኤም (ሁሉን በእጅ ከሚያስተካክሉበት) ሌላ በየትኛውም ሞድ አልነሳ ይለኛል። ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን? (ከደሴ)

መልስ፦ ሌንሱ ደህና ነው። ዜኒት የሚጠቀመው ኤም 42 ጥርስ (ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚጠመዘዝበት) ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር ይጠብቃል፤ የኒኮን መቀመጫ ከሴንሰሩ 46.5 ይርቃል። ቀለበቱ ምንም ውፍረት ባይኖረው እንኳ ሌንሱ ከቦታው 1.04 ሚሊ ሜትር ወጥቷል። 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ ይቺ ብቻ የፎከሱን መጨረሻ 3.3 ሜትር ገደማ ላይ ታስቀረዋለች። ቀለበቱ 1 ሚሊ ሜትር ከጨመረበት ወደ 1.8 ይወርዳል። የሰኞ ገበያ ነጋዴ ፊት ይጠራል፣ ጦሳ አይጠራም።

በውስጡ ትንሽ ሌንስ ያለው ቀለበት ሩቁን ይመልሳል። ነገር ግን አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) 2 ላይ ምስሉን ስለሚያደበዝዝ እስከ 5.6 መዝጋት ይፈልጋል፤ እንዲያ ከሆነማ ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ምን አነሰው? በኒኮን ላይ ለፊት ፎቶ ብቻ ይጠቀሙበት። የካኖን ኢኦኤስ ርቀት 44 ስለሆነ 1.46 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ ቀለበት ይበቃዋል። ሙሉ ፍሬም (ሴንሰሩ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚያክል) ካኖን ላይ ግን ሲነሳ የሚወዛወዘው መስታወት የሌንሱን ጀርባ ሊመታ ስለሚችል ይጠንቀቁ። ሚረርለስ (መስታወት አልባ ካሜራ) ላይ ይህ ስጋት የለም።

ሞዱን በተመለከተ፦ ዲ3200 ቺፕ የሌለውን ሌንስ አያውቀውም፤ በኤም ብቻ ይሠራል፣ የብርሃን መለኪያውም ዝም ይላል። ስለዚህ በግምት ነው። አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ፣ በቀትር ፀሐይ፣ አፐርቸር 16 ከሆነ ሹተሩ 1/100 ሰከንድ ነው። 2 ላይ 1/6400 ሊያስፈልግ ነው፤ ካሜራው ግን 1/4000 ላይ ያበቃል። ወደ 2.8 ዘግተው 1/3200 ያድርጉት። ጥላ ውስጥ አፐርቸሩ 2 ላይ ከ1/400 ይጀምሩና ስክሪኑን እያዩ ያስተካክሉ።

ሄሊዮስ 44-2 ሁለት የአፐርቸር ቀለበት አለው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚለው ገደቡን ብቻ ይወስናል፤ የአፐርቸሩን ቅጠሎች የሚዘጋው ያለ ድምፅ የሚዞረው ነው። መጀመሪያ 2 ላይ ከፍተው ፎከስ ያድርጉ። ኒኮን ሌንሱን ባያውቀውም በመመልከቻው ታች ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ሲጠራ ትበራለች። ከዚያ እጅዎን ከፎከሱ ሳያነቃንቁ ዝምተኛውን ቀለበት እስኪቆም ያዙሩና ያንሱ።