ከጥርስ ነቀላ በኋላ ያለችው የመጀመሪያ ሌሊት

እህቴ፣ «ነገ የታች መንጋጋዬን ልነቀል ነው፣ ከዚያ በኋላ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ነቀላውን አትፍሪው። ማደንዘዣው በደንብ ከያዘሽ ግፊት ግፊት ይልሻል እንጂ አያምሽም። የእኔ ጣጣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺም እንደ እኔ ደም ስታዪ የምትደነግጪ ከሆነ አደራሽን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

1. ሐኪሙ የተነቀለው ቦታ ላይ የሚያደርግልሽን ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ጠበቅ አድርገሽ ንከሺው። ግማሽ ሰዓት ያህል፤ ደሙ ካልቆመ በአዲስ ጎዝ እንደገና። ቆመ አልቆመ እያልሽ በየአምስት ደቂቃው አታውጪው።

2. እንዳትተፊ። እኔ የተነቀልኩ ዕለት ማታ አፌን ደም ደም አለኝ። መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብዬ ስተፋ ምራቄ ቀይ ሆኖ ወጣ። ደነገጥኩ። ተጉመጥምጬ ተፋሁ፣ ደግሜ ተጉመጠመጥኩ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ። ያጸዳሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ጉድጓዱን የሸፈነውን የረጋ ደም ነው ጠርጌ ያወጣሁት! ያ ደም ቆሻሻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን አጥንትና ነርቭ የሚሸፍን ክዳን ነው። ምራቅ ላይ ጠብ ያለ ደም ብዙ ይመስላል፣ በመጀመሪያው ቀን ግን ያለ ነገር ነው። ዋጪው፣ ወይም አፍሽን ከፍተሽ ዝም ብሎ ይፍሰስ። በስትሮ መምጠጥና ሲጋራም ያው ጉዳት አላቸው።

3. ሦስተኛው ቀን ላይ ንቁ ሁኚ። እብጠቱ እስከዚያ ሊጨምር ይችላል፣ ህመሙ ግን ቀን በቀን እየቀለለ መሄድ አለበት። እኔን ቀለል ብሎኝ ቆይቶ በሦስተኛው ሌሊት ተመልሶ መጣ፣ ያውም ጆሮዬን እየወጋ። ማስታገሻው ምንም አላለውም። አፌ ሸተተኝ። በስልክ መብራት መስታወት ላይ ሳየው ባዶ ጉድጓድ፣ ከታች ነጣ ያለ አጥንት።

ጠዋት ወደ ነቀለኝ ክሊኒክ ሄድኩ። መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ተነቅለህ የለ፣ ያማል እንግዲህ፣ ቀጠሮህ ሳምንት ነው» አለችኝ። ጉንጬን ይዤ፣ አንድ ሰው አፌን ይይልኝ ብዬ ለመንኳት። አሻፈረኝ አለች። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ አነጋሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ሌላ ቦታ ስሄድ ሐኪሟ ገና ስታየው «ድራይ ሶኬት ነው» (የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ሲጋለጥ ማለት ነው) ብላ አጠበችውና ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል መድኃኒት ጠቀጠቀችበት። ቤቴ ሳልደርስ ህመሙ ለቀቀኝ። አሥር ደቂቃ የማይሞላ ሥራ! ስለዚህ አንቺ እንዲህ ከሆንሽ እሺ ብለሽ አትመለሺ። «ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ ህመሙ ብሶብኛል፣ ሐኪም ይየኝ» በያቸው። ትኩሳት ከያዘሽ፣ እብጠቱ ወደ አንገትሽ ከወረደ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረሽ ደግሞ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

4. የጨው ውሃ ከ24 ሰዓት በኋላ ብቻ። ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። አፍሽ ውስጥ ይዘሽ ጭንቅላትሽን ግራ ቀኝ ዘንበል አድርጊ፣ ከዚያ ይውረድ። በሌላ ጊዜ በዚያኛው ጎን ስነቀል እንዲህ አድርጌ፣ አንድም ጊዜ ሳልተፋ፣ በአምስተኛው ቀን ማስታገሻ ትቻለሁ።

እና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ነገ ማደንዘዣው ሳይወጋ ለሐኪሙ ንገሪው። በራስሽ ግን እንዳታቋርጪው።