ምርመራው ምንም የለም ይላል፣ እኔ ግን ያመኛል

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ 31 ዓመቴ ነው ባንክ ነው የምሠራው። አምና አጎቴ ልቡን ብሎ በድንገት ሞተብን፣ ከዛ ወዲህ ልቤ ድው ድው ትልና መሀል ላይ ቀጥ ያለች ይመስለኛል፣ ግራ ደረቴን ይወጋኛል፣ እጄን ይደነዝዘኛል። ያልሄድኩበት ክሊኒክ የለም፣ ኢሲጂ (የልብ ምት ቅጂ)፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ)፣ ደም፣ ታይሮይድ ሁሉም ኖርማል። የመጨረሻው ሐኪም «ምንም የለብሽም፣ ሂጂ ተዝናኚ» አለኝ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ ግን ማታውኑ ኢኮው ያላየው ነገር ቢኖርስ ብዬ ጉግል ላይ አፍጥጬ አደርኩ። ባሌ ሰልችቶታል፣ እናቴ ጸበል ግቢ ትላለች። እውነት አሞኝ ነው ወይስ እያበድኩ ነው? ኤምአርአይ ልነሳ? (ሰ. ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ ነፍስ ይማር። አላበድሽም፣ እያስመሰልሽም አይደለም። «ምንም የለብሽም» የሚሉት ነገር እኔንም ያናድደኛል፣ ውግቱም ድንዛዜውም አለ እኮ! ማለት የነበረበት «የልብ በሽታ አላገኘንብሽም» ነው።

ልብ አንዳንዴ ከሰዓቷ ቀድማ አንድ ትርፍ ምት ትመታለች፣ ከዛ ትንሽ ታርፍና ቀጣዩን በኃይል ትመታዋለች፣ አንቺ «ቆመች» የምትይው ያቺን እረፍት ሊሆን ይችላል። የ24 ሰዓት የልብ ምት መቅረጫ ቢታሰርላቸው ብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይ ይገኛል፣ አብዛኞቹ ሳያውቁት ነው የሚኖሩት። ቡና፣ ጫት፣ እንቅልፍ ማጣት ያበዛዋል (ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ ማታ በግራ ጎን ተኝቶ ልብን ማዳመጥ በራሱ በሽታ ፍለጋ ነው)። ድንዛዜው ደግሞ ስንደነግጥ ቶሎ ቶሎ ስለምንተነፍስ ነው የሚመጣው፣ ካርቦንዳይኦክሳይድ ከደም ይቀንስና ጣትና ከንፈር መንዘር ይጀምራል።

ችግሩ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ምቷ ስትመጣ «አጎቴን የገደለው ይሄ ነው» ትያለሽ፣ አድሬናሊን የሚባለው የድንጋጤ ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብሽ ይብስ ይሮጣል፣ የእጅሽን ትርታ ትቆጥሪያለሽ፣ ባልሽን ትጠይቂያለሽ፣ እሱም «ምንም አይደለም» ሲልሽ ቀለል ይልሻል። ወጥመዱ ያ ቀለል ማለት ነው፣ ምክንያቱም አእምሮሽ «የተረፍኩት ስለጠየቅኩ ነው» ብሎ ይይዘዋል፣ ነገ ደግሞ ጨምሪ ይልሻል። ኢኮው የሰጠሽ እፎይታ አንድ ማታ እንኳ አላደረም አይደል? ኤምአርአዩም ከዛ አይዘልም፣ ሐኪም በምክንያት ካላዘዘሽ ብርሽን አታውጪ።

ይሄ ድሮ ሃይፖኮንድሪያ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር ስሙን ትቶ ለሁለት ከፈለው፦ ሕመሙ በደንብ እየተሰማው ኑሮው በሱ ዙሪያ ለሚሽከረከር ሶማቲክ ሲምፕተም ዲስኦርደር፣ እምብዛም ሳያመው በሽታን ለሚፈራ ኢልነስ አንዛይቲ ዲስኦርደር። ስድስት ወር ገደማና ከዛ በላይ ሲቆይ ነው እንዲህ የሚባለው፣ በደብዳቤ ደግሞ አንቺን ከሁለቱ ይሄኛው አለብሽ ልልሽ አልችልም። በአዲሱ አከፋፈል የወደድኩት ነገር፣ ምርመራው ኖርማል መሆኑ ዋና መስፈርት መሆኑ ቀርቷል። እውነተኛ የልብ ሕመምተኛም ሶማቲክ ሲምፕተም ሊኖረው ይችላል፣ የሚታየው ሰውየው ስለ ሕመሙ ምን ያህል ያስባል፣ ምን ያህልስ ጊዜውን ይበላበታል የሚለው ነው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ፦ አንድ ሐኪም ያዢ፣ ሲያምሽ ሳይሆን በቀጠሮ ሂጂ። ትርታ መቁጠሩን በአንዴ ተይ አልልሽም፣ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ አቆዪው፣ ከዛ ግማሽ ሰዓት፣ ጭንቀቱ ሳትቆጥሪም ሲወርድ ታዪዋለሽ። የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ካለሽ አውልቂው፣ ጉግሉንም እንደዛው። ከባልሽ ጋር ተስማሙ፣ ስትጠይቂው «ምንም አይደለም» ከማለት «ጭንቀቱ መጣ አይደል፣ ነይ ወክ እናድርግ» ይበልሽ። ደረጃ በእግርሽ ውጪ፣ ልብ መሮጧ አደጋ አለመሆኑን ሰውነትሽ የሚማረው በተግባር ነው። ሲቢቲ የሚባለው የንግግር ሕክምና የሚያሠለጥነው ይሄንኑ ነው፣ ለዚህ ችግር በደንብ የተፈተነውም እሱ ነው። ካስፈለገ እንደ ሰርትራሊን ያለ የጭንቀት መድኃኒት ይጨመራል፣ ሱስ አያስይዝም ግን ውጤቱ ሳምንታት ይፈልጋል፣ በራስሽም አታቋርጪው። ሳይካትሪ ስልሽ አማኑኤል ብቻ አይምጣብሽ፣ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም ውስጥ ክፍሉ አለ። ጸበሉን ግቢ፣ ሕክምናውን አስትቶሽ ግን አይሁን።

ስትንቀሳቀሺ የሚጨምድድና ወደ ክንድ ወይ መንጋጋ የሚሄድ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የአንድ ጎን ሰውነት መድከም ከመጣ ግን ይሄን ሁሉ ተይውና ድንገተኛ ክፍል ሩጪ።

ጥያቄ፦ ዶክተር እኔ በየሁለት ወሩ ታይፎይድ ይገኝብኛል፣ ትኩሳት የለኝም ግን ራሴን ያመኛል፣ ሰውነቴ ይዝላል። መድኃኒቱን ስጨርስ ሳምንት ደህና እሆንና ይመለሳል። (አ. ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ክሊኒኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩልህ ዊዳል የሚባለውን የደም ምርመራ ነው፣ እሱ የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነትህ ሊዋጋው የሚሠራውን አንቲቦዲ ስለሆነ ድሮ ለያዘህም፣ ለሌላ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ያለ ትኩሳት በየሁለት ወሩ ታይፎይድ እኔ ይከብደኛል። በዊዳል ብቻ አንቲባዮቲክ መውሰዱን አቁምና በሚቀጥለው ጊዜ የደም ካልቸር (ባክቴሪያው ራሱ ደምህ ውስጥ መኖሩን የሚያይ ምርመራ) ይሠራልኝ በል፣ ደም ማነስና ታይሮይድም አንዴ ይታይልህ። ከዛ ለሐኪሙ ስለ እንቅልፍህ፣ ስለ ሥራህ፣ ሆድህን ስለሚበላህ ነገር ሳይጠይቅህ ንገረው፣ ድብርት ብዙ ጊዜ በራስ ምታትና በድካም ነው የሚገባው።