እግሬ ያቃጥለኛል፣ ዓይኔም ደክሟል፤ ኢንሱሊን ያሳውረኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ የ54 ዓመት የመሐል ሜዳ ነዋሪ ነኝ። ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ከያዘኝ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ሌሊት እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛልም፤ ስለዚህ ቫይታሚን ከመድኃኒት ቤት እየገዛሁ እወስዳለሁ። ዓይኔ ስለደከመም ከገበያ መነጽር ገዛሁ። ሐኪሙ ኢንሱሊን ጀምር ካለኝ ሰባት ወር አልፏል፤ ጎረቤቴ መርፌውን በጀመሩ በዓመቱ ዓይናቸው ስለጠፋ እምቢ አልኩ። ለነርቭ የሚሻለው ቫይታሚን የትኛው ነው?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ቫይታሚን ቢሆንም ያስጨነቀዎት የዓይንዎ ነገር እንደሆነ ይገባኛል፤ ከዚያው ልጀምር። ኢንሱሊን አያሳውርም። ዓይንን የሚጎዳው ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነው፤ በሬቲና (ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ላይ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ያብጣሉ፣ ፈሳሽና ደም ያንጠባጥባሉ፣ ሲዘጉም በቀላሉ የሚደሙ አዳዲስ ሥሮች ይበቅላሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመም የለም፤ ሰውየው ለረጅም ጊዜ አጥርቶ ያያል። ብዙ ሰው መርፌ የሚጀምረው ኪኒኑ አልበቃው ብሎ ዓመታት ከቆየ በኋላ ስለሆነ፣ የቆየው ጉዳት በዚያው ሰሞን ሲገለጥ ጥፋቱ በመርፌው ይመካኛል። እርግጥ ነው፣ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ እይታ ለጥቂት ሳምንታት ሊደበዝዝ፣ አስቀድሞ የተጎዳ ሬቲናም ለጊዜው ሊባባስ ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ዓይንን ለመታየት እንጂ መርፌን ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም።

ሰባት ወር መቆየትዎን ግን በዝምታ ላልፈው አልችልም። የገበያ መነጽር የሚያንጠባጥብ የደም ሥር አይደፍንም። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው በሽታው ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ ዓይኑን መታየት ነበረበት። ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪምዎን ያነጋግሩና ወደ ዓይን ሐኪም እንዲልኩዎ ይጠይቁ፤ ደብረ ብርሃን መውረድ ካስፈለገም፣ ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ለሰዓታት እይታን ስለሚያደበዝዝ ሰው አስከትለው ይሂዱ። በጊዜ ከተደረሰበት በሌዘር ወይም ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ብዙ ሰው ብርሃኑን ያተርፋል። በድንገት ጥቋቁር ነጠብጣብ ከበዛብዎ ወይም መጋረጃ የወረደ ከመሰለዎት ግን በዚያው ቀን ይታዩ።

እግርዎን የሚያቃጥልዎትም ያው ስኳር የጎዳው ነርቭ ሳይሆን አይቀርም። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ኪኒን ለረጅም ጊዜ ከወሰዱ ቫይታሚን ቢ12 ሊያንስዎ ስለሚችል በደም ምርመራ ይታይ፤ እጥረት ከሌለ ቫይታሚኑ አይጠቅምዎትም፣ ማቃጠሉን የሚያስታግስ መድኃኒት ግን ሐኪምዎ ሊያዙልዎ ይችላሉ። በመንዝ ብርድ እግርን ወደ ምድጃ ማስጠጋት የተለመደ ነው፤ የደነዘዘ እግር ግን መቃጠሉን አያውቅም፣ ስለዚህ የሱፍ ካልሲ ይልበሱ። ማታ ማታ ውስጥ እግርዎን ልጆችዎ ይዩልዎ፤ ቁስል ከተገኘ ባያምዎትም በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።