የላይነስ ዱባ፦ ልጄ የሃሎዊን ካርቱን ቢያነብ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምንኖረው አሜሪካ ነው። የ9 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት የ«ፒናትስ» ካርቱን መጽሐፍ ተውሶ መጣ። አንድ ልጅ በሃሎዊን ሌሊት (ልጆች አስፈሪ ልብስ ለብሰው በየቤቱ ከረሜላ በሚለምኑበት) «ታላቁ ዱባ ይመጣል» ብሎ እርሻ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ልጄ «እማዬ፣ እኛም ክርስቶስን የምንጠብቀው እንደዚህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መልስ አጣሁ። መጽሐፉን ልቀማው?

መልስ፦ እኅታችን፣ አይቀሙት። ቢቀሙት ልጁ የሚይዘው ትምህርት «እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም» የሚል ነው፤ ጥያቄው ደግሞ መልካም ጥያቄ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ በአቴና ሲሰብክ የአሕዛብን ባለ ቅኔዎች ቃል ጠቅሷል (የሐዋ. 17፥28)።

ቻርልስ ሹልዝ ይህን ካርቱን እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 2000 ለጋዜጣ ሲሥል ኖሯል፤ ታላቁ ዱባ የገባው በ1959 ነው። ላይነስ፣ ያ ብርድ ልብሱን ከእጁ የማይለየው ልጅ፣ ታላቁ ዱባ ከሁሉ ይልቅ ቅንነት ካለበት የዱባ እርሻ ተነሥቶ ለልጆች መጫወቻ ያድላል ብሎ ያምናል። ጓደኞቹ ይስቁበታል፣ ሌሊቱ ይነጋል፣ የመጣ የለም። በዓመቱ ተመልሶ ይጠብቃል። ጥንቆላ የለበትም፣ መናፍስት መጥራትም የለበትም፤ ቀልዱ ልጁ ሃሎዊንን ከገና አባት ጋር ማምታታቱ ነው።

አብረውት ያንብቡ። የአዘቦት ቀኑ ካርቱን ብዙውን ጊዜ 4 ሣጥን ነው፤ ልጆች ወደ አራተኛው ዘለው ስቀው ገጹን ይገልጣሉ። ሦስተኛው ላይ ያቁሙትና «ታላቁን ዱባ ያየ ማን አለ?» ብለው ይጠይቁት። ማንም የለም። በ1966 በተሠራው የቴሌቪዥን ፊልም ላይነስ ራሱ መጣልኝ ብሎ ተዝለፍልፎ የወደቀው የጓደኛውን የቻርሊ ብራውንን ውሻ ስኑፒን አይቶ ነው! ከዚያ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥5-6ን ይክፈቱለት፦ ከሞት የተነሣውን ክርስቶስን ኬፋ አየው፣ ዐሥራ ሁለቱ አዩት፣ ከ500 የሚበልጡ ወንድሞች በአንድ ጊዜ አዩት፣ ጳውሎስ ሲጽፍም ብዙዎቹ በሕይወት ነበሩ። የላይነስ ቅንነት የእውነት ነው፤ የሚጠብቀው ግን የለም። እኛ የምንጠብቀው አንዴ የመጣውን፣ የታየውን፣ የተዳሰሰውን ነው። የልጅዎ ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው።

እዚያው ፊልም ላይ ላይነስ «ሲመጣ» ሊል «ከመጣ» ብሎ አፉን ያዳልጠዋል፤ በዚህች ቃል የተነሣ ታላቁ ዱባ ያልፈኛል፣ አለቀልኝ ብሎ ይደነግጣል። እንዲህ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ልጆች በእኛም ቤት አሉ፤ አንዲት ጸሎት ብትዘለል ቁጣ የሚወርድ የሚመስላቸው። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለው አባት ግን ልጁ ተፈወሰለት (ማር. 9፥24)። ለቶማስም ጌታ ከስምንት ቀን በኋላ መጣለት።

ዕድሜው ከ7 በታች ለሆነ ልጅ ይህን ሁሉ መለየት ስለሚከብደው ብቻውን ባያነብ ይሻላል።

ማንበብ ሌላ፣ ሌሊቱን ማክበር ሌላ ነው። የፈረንጆቹ ጥቅምት 31 የምዕራባውያን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። በእኛ ግን ጥቅምት 21፣ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ደግሞ ጥቅምት 20 ይውላል። እንግዲህ በአብዛኛው የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ላይ፣ ምንጊዜም በዘመነ ጽጌ (ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5) ውስጥ ነው። በየቤቱ ከረሜላ ልመና ባይሄድ እመርጣለሁ፤ የንስሐ አባታችሁንም ያማክሩ። የትምህርት ቤቱ ድግስ ካለ ከሳምንት በፊት ለአስተማሪው በጽሑፍ ያሳውቁ፦ የሰይጣን፣ የአጽምና የደም ልብስ አይለብስም፣ ሌላው ጨዋታ ግን ይፈቀድለታል ብለው። በዕለቱ ጠዋት ቢነግሩ ልጁ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። ከረሜላ ይዞ ከመጣ ጀርባውን ያንብቡ። የጽጌ ጾም የፈቃድ ቢሆንም ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ጾሙ የግድ ነው፤ ቸኮሌቱ ወተት አለበት፣ የሚለመጠው ከረሜላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ቆዳ የሚወጣ ጄላቲን።

ከልክሎ ባዶ ምሽት መስጠት ግን ቂም ያስይዛል። በፊልሙ ላይ አብራው የጠበቀችው ልጅ ሳሊ ለላይነስ ብላ ከረሜላው ካመለጣት በኋላ እንዴት እንደጮኸችበት ልጅዎ ያሳይዎታል። ውዳሴ ማርያም ከደረሰ በኋላ አብራችሁ የዱባ ወጥ ሥሩ፤ ልጁ ፍሬውን ያውጣ፣ እርስዎ ይክተፉ። ፊት ለመቅረጽ የሚሸጠውን ትልቁን ዱባ አይግዙ፤ ውሃ የበዛበት ስለሆነ ወጡ ይቀጥናል። ትንሹን፣ ሥጋው የጠበቀውን ይምረጡ።