ቀይ ምልክት፣ ሰማያዊ ምልክት

ጥያቄ፦ የአሜሪካዊው ደራሲ የጄ.ዲ. ሳሊንጀር አድናቂ ነኝ። ከሞተ በኋላ አምስት ያልታተሙ ሥራዎቹ ይወጣሉ ሲባል ሰምቼ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። የት ደረሱ? ደግሞስ እሱ ራሱ ማሳተም ጠልቶ ከኖረ፣ ቤተሰቡ ማውጣቱ ልክ ነው?
(አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም ከሚጠብቁት አንዱ ነኝ። እስካሁን አንዱም አልወጣም። ግን ቀጠሮውን የቆረጠው ቤተሰቡ አይደለም። በ2013 የወጡ አንድ ዘጋቢ ፊልምና አንድ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ናቸው «ከ2015 እስከ 2020 ይታተማሉ» ያሉት (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ልጁ ማት በ2019 ለእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ሲናገር፣ ከአባቱ ሚስት ከኮሊን ጋር ሆኖ ጽሑፎቹን እያዘጋጀ እንደሆነ፣ ሥራው ግን ገና ጊዜ እንደሚፈልግ ገልጿል።

እኔ አልፈርድበትም። ሳሊንጀር የመጨረሻ ታሪኩን ዘ ኒው ዮርከር መጽሔት ላይ ያወጣው በጁን 1965 ነው። የሞተው በጃንዋሪ 2010፣ በ91 ዓመቱ። እስኪ አስበው፣ ኮርኒሽ በምትባል የኒው ሃምፕሸር ገጠር ተደብቆ የጻፈው የ45 ዓመት ወረቀት! እኔ የአባቴን አንድ ካርቶን ደብዳቤ መልክ ለማስያዝ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል፤ ያውም ግማሹ የዕቁብ ሒሳብ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ነው የሚጥመኝ። ሳሊንጀር በ1974 ለኒው ዮርክ ታይምስ በስልክ ሲናገር፣ አለማሳተም ሰላም እንደሚሰጠው፣ የሚጽፈውም ለራሱ እንደሆነ ተናግሯል። እዚህ ላይ ብናቆም ያንተ ስጋት ልክ ነበር። ግን ሴት ልጁ ማርጋሬት በ2000 ባሳተመችው ትዝታዋ ላይ ስለ አባቷ የጽሑፍ ፋይሎች አንድ ነገር ጽፋለች። ቀይ ምልክት ያለበት፣ «ሳልጨርሰው ብሞት እንዳለ ይታተም» ማለት ነው። ሰማያዊው ደግሞ «ይታተም፣ መጀመሪያ ግን አርትዖት ይደረግበት»። ማሳተም የጠላ ሰው እንዲህ ቀለም እየለየ አይቀመጥም። የጠላው በሕይወት እያለ የሚመጣበትን ግርግር ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ የድሮ አጭር ልቦለዱ ከሞተ 50 ዓመት ሳይሞላው፣ ማለትም ከ2060 በፊት፣ እንዳይታተም ተብሎ ነበር። በ2013 ግን ሾልኮ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። አንድ ጓደኛዬ ላከልኝ። ሳልከፍተው አጠፋሁት ልልህ ነበር፤ ግን አንብቤዋለሁ።