አሸዋ ጨመርኩበት፣ አፈሩ ድንጋይ ሆነ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በማሰሮ የተከልኳቸው አበቦች ውኃ ቶሎ አያሳልፉም ነበር። አሸዋ ጨምሪበት አሉኝ። ከግንባታ የተረፈ የልስን አሸዋ ስለነበረኝ ሁለት እጅ የጓሮ አፈር ከአንድ እጅ አሸዋ ጋር ቀላቅዬ እንደገና ተከልኳቸው። አሁን ጭራሽ ባሰባቸው። ሳጠጣቸው ውኃው ላይ ይቆማል። ሲደርቅ ማንኪያ እንኳ አይገባውም። የታች ቅጠሎቻቸው ቢጫ እየሆኑ ነው። አሸዋው አንሶ ይሆን?»

አላነሰም፣ እህቴ። እባክሽ ሌላ አሸዋ እንዳትጨምሪ። አንደኛ ነገር የልስን አሸዋ ደቃቅ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አሸዋ ውኃ ያሳልፋል ሲባል ሁላችንም እንሰማለን። እኔም ችግኝ ማፍላት የጀመርኩ ሰሞን ይህንኑ አምኜ አንድ ሙሉ መደብ ማሰሮ በልስን አሸዋ አበላሽቻለሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዱን ገልብጬ ሳወጣው አፈሩ የማሰሮውን ቅርጽ እንደያዘ ወጣ። መሬት ላይ ጣልኩት፤ አልፈረሰም። ሥሮቹ ዳር ዳሩን ይዞሩታል እንጂ መሐሉን አልደፈሩትም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ወጥ ቤት ገብተሽ ልታዪው ትችያለሽ። አንድ ብርጭቆ ጥሬ ባቄላ ሙዪ። ሩብ ብርጭቆ ያህል ጨው ቀስ እያልሽ ጨምሪበትና ነቅነቅ አድርጊው። ብርጭቆው ሞልቶ አይፈስም። ጨዉ የገባው ባቄላው መሐል በነበረው ክፍተት ነው። ያ ክፍተት ቀድሞ አየር ነበር። ደቃቅ አሸዋ ኮምፖስት ውስጥ ሲገባ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ሥር የሚተነፍስበትን ቦታ ይይዛል።

አፈርሽ ጭቃነት ካለው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን ባቄላው አሸዋው ነው፣ ጨዉ ደግሞ ጭቃው። አሸዋ የሚባለው ቅንጣት ስፋቱ እስከ 2 ሚሊሜትር ይደርሳል። የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን ከ0.002 ሚሊሜትር በታች ነው። አንድ እጅ አሸዋ ሁለት እጅ ጭቃ ውስጥ ሲገባ የአሸዋው ቅንጣቶች ሳይነካኩ ተበታትነው ይቀራሉ። ውኃ የሚያልፍበት ክፍተት የሚፈጠረው ግን ሲነካኩ ነው። ለዚያ ከድብልቁ ከግማሽ በላዩ አሸዋ መሆን አለበት። ያኔ ደግሞ አፈር ውስጥ አሸዋ ጨመርሽ አይባልም፤ አሸዋ ውስጥ አፈር ጨመርሽ እንጂ። ጭቃና አሸዋ ተለውሶ ሲደርቅ ምን እንደሚመስል ግድግዳ የመረገ ሰው ያውቀዋል።

አሸዋ ጭራሽ አይረባም ማለቴ አይደለም። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ የተቀመረው የጆን ኢንስ የሚባለው የማሰሮ አፈር ድብልቅ 7 እጅ ለም አፈር፣ 3 እጅ ፒት (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ዕፅዋት)፣ 2 እጅ አሸዋ ነው። እስካሁን ይሠራበታል። ግን አሸዋው ሸካራ ነው። አፈሩም ከጓሮ የተዛቀ ጭቃ አይደለም፤ ሣር ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ተከምሮና ወራት ከርሞ የበሰለ፣ በእጅ ሲነኩት ፍርፍር የሚል ነው። ብዙ ሰው የአሸዋውን ቁጥር ብቻ ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ ሸካራ አሸዋ የቱ ነው? በጣቶችሽ መሐል እሺው። ደቃቁ እንደ ዱቄት ይንሸራተታል፤ ሸካራው ይቆረቁርሻል፣ ቅንጣቱ አንድ በአንድ ይታያል። የ1 ሚሊሜትር ወንፊት ካለሽ ንፊው። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ያዢ፣ ያለፈውን ለግንበኛ ስጪው። አቧራውን እንዳትተነፍሺ ቀድመሽ በትንሹ አርጥቢው። ከዚያ ውኃው ጥርት እስኪል እጠቢው። ምን ያህል ጭቃ እንዳለበት ለማየት በብልቃጥ ውስጥ ከውኃ ጋር በደንብ በጥብጠሽ አስቀምጪው። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ገደማ ይዘቅጣል። ውኃው ከሰዓታት በኋላም ካልጠራ ጭቃ አለበት ማለት ነው።

ከባሕር ዳርቻ የመጣ ከሆነ ተይው፣ ጨው አለበት። አቼቶ ጠብ ስታደርጊበት የሚፈላ ከሆነ ደግሞ ኖራ አለው። እንደ አዛሊያ ያሉ አሲዳማ አፈር የሚወዱ ተክሎችን ይጎዳል።

ክብደቱም አይረሳ። አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ 1.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 10 ሊትር በሚይዝ ማሰሮ ግማሹን አሸዋ ብታደርጊው አሸዋው ብቻውን ወደ 8 ኪሎ ነው። በረንዳ ላይ ለሚደረደር ማሰሮ ይህ ቀልድ አይደለም። በተቃራኒው ቁመቱ ረዝሞ ነፋስ የሚገለብጠው ተክል ካለሽ ይኸው ክብደት ይጠቅምሻል።

አንድ ነገር ላስቀድም፤ ማሰሮው ሥር ጠጠር ላድርግበት እንዳትዪ። ስፖንጅ ውኃ ውስጥ ንከሪና ጠፍጣፋውን ጎኑን ወደ ታች አድርገሽ ያዢው። ይንጠባጠብና ያቆማል። አሁን በቁመቱ አቁሚው። እንደገና ይንጠባጠባል! ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈርም ልክ እንደ ስፖንጁ የታች ጫፉ ላይ ውኃ ይዞ ይቀራል። ጠጠር ስትጨምሪ አፈሩ በቁመቱ ያጥራል፤ ያ እርጥብ ክፍል ደግሞ ወደ ተክሉ ሥሮች ይጠጋል። ማሰሮው ቀዳዳ ይኑረው እንጂ ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

ወደ አበቦችሽ እንመለስ። ዛሬውኑ አውጫቸው። አፈሩ ስለጠነከረ አትጎትቺ፤ ማሰሮውን ከነተክሉ ባልዲ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ንከሪውና በቀስታ አራግፊው። ጠቁሮና ልፍስፍስ ብሎ የሚሸት ሥር ካለ በንጹሕ መቀስ ቁረጪው። ነጭና ጠንካራ የሆነውን አትንኪ። ቢጫ መሆናቸው ሥሩ አየር አጥቶ ይመስለኛል፤ ማዳበሪያ አሁን አትስጫቸው።

ለአዲሱ ድብልቅ ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ)፣ አንድ እጅ የተነፋ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ ፐርላይት ወይም ፑሚስ (ሁለቱም ክብደታቸው ቀላል የሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው) አድርጊ። ሁለቱም ከሌሉ ያንን ታጥቦ የተነፋውን ሸካራ አሸዋ መጠቀም ይቻላል፤ እኔ ግን ፑሚስን እመርጣለሁ፣ ቀላል ነው፣ ቅንጣቱም ራሱ ቀዳዳ አለው። እሬትና ቁልቋል ከሆኑ ግማሹ ድረስ ሸካራ ነገር ይሁን። አሸዋ ምግብ አይዝም፤ የበዛበት ድብልቅ ላይ ማዳበሪያው እያነሰ ቶሎ ቶሎ ይሰጥ።

ከቀላቀልሽ በኋላ አንድ ጭብጥ አርጥበሽ ጨብጪው። እጅሽን ስትከፍቺ በጣት ገፋ ሲደረግ ከፈረሰ ጥሩ ነው። እንደ ጡብ ከያዘ አልሆነም፣ ፐርላይቱን ጨምሪ።

ከተከልሽ በኋላ ውኃው በቀዳዳው እስኪወጣ አጠጪ። ቀጣዩን የምታጠጪው ጣትሽን ሁለተኛው አንጓ ድረስ ከተሽ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው። ያንን የደደረውን አፈር አትጣይው። ሰብረሽ ከብዙ ኮምፖስት ጋር ጓሮ ላይ በትኚው፣ ማሰሮ ውስጥ ግን አይመለስ። የልስን አሸዋሽም ከተረፈ አንድ ሥራ አለው፤ በጣም ደቃቅ ዘር ስትዘሪ ከደረቁ አሸዋ ጋር ቀላቅለሽ በትኚው፣ አንድ ቦታ ተከምሮ አይበቅልብሽም።