ደንገጎ ላይ በድንገት ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ስለሚነሣው ኮሮላ

ጠያቂው ወንድማችን ያቀረቡት ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው፦ በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሠራ፣ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍል ክፍል) ያለው ባለቤንዚን ኮሮላ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ያለ ምንም ምልክት ጠፋ። መብራቱም ክላክሱም ይሠራል፣ ሞተሪኖውም (ማስነሻው) በኃይል ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም። ቆይቶ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልነካው ተነሥቶ ሐረር ገባ፤ በሌላ ቀን ደግሞ ሐሮማያን አልፎ አወዳይ ሳይደርስ ያንኑ ደገመ። የሙቀት መለኪያው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እስካሁን ባትሪውና ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጡት ካንዴላዎች ተቀይረዋል፤ አሁን ደግሞ የነዳጅ ፓምፕ ግዙ ተብለዋል። ልግዛ ወይስ ልተው ነው ጥያቄው።

ለጊዜው አይግዙ። ድሬዳዋ ውስጥ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ እንደቆየ ሰው የምለው፣ እንዲህ ያለው ብልሽት የሚገኘው መኪናው እምቢ ባለባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ብቻ መሆኑን ነው። ከቀዘቀዘና ከተነሣ በኋላ ጋራዥ ቢወስዱት የሚመረምረው ሰው የሚያየው ጤነኛ መኪና ስለሆነ፣ የሚሰጥዎት መልስ ግምት ነው፤ ግምቱ ደግሞ እንዳዩት በእርስዎ ኪስ ይሞከራል። ባትሪው መቀየር እንዳልነበረበት ራስዎ የጻፉት ይናገራል፤ ሞተሪኖውን በኃይል የሚያዞር ባትሪ ሞተሩን በዚያ አኳኋን አያጠፋውም።

በመጀመሪያ ግን ስለ ቦታው አንድ ነገር ልበል። መንገዱ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ድሬ ተነሥቶ በአጭር ርቀት ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያወጣል፤ መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ እየተጎተተ ስለሚወጣ በራዲያተሩ በኩል የሚገባው ነፋስ ያንሳል፣ ኮፈን ስር ያለው ሙቀት ግን ይጨምራል። የሙቀት መለኪያው የሚያሳየው የውሃውን ሙቀት እንጂ የዲስትሪቢዩተሩን ወይም የሪሌውን (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ሙቀት አይደለም። ስለዚህ መለኪያው መሐል ላይ መቆሙ «ከሙቀት ጋር አይያያዝም» አያሰኝም። ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ እርዳታ ከጥቂት ርግጫ በኋላ እንደሚያልቅና መሪውም እንደሚከብድ አይርሱ፤ መኪናው ሳይቆም ቁልፉን ወደ መጨረሻው አይመልሱ፣ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ዳር ይዘው ቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ያስደግፉ፣ ሦስት ማዕዘኑን ራቅ አድርገው ያኑሩ። በዚያ መንገድ የጫት መኪኖች እንዴት እንደሚመጡ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

አሁን ወደ ምርመራው እንሂድ። የመጀመሪያው ምርመራ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። መኪናው እምቢ ባለበት ሰዓት ቁልፉን ሳያስነሡ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍተው ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የቼክ ኢንጂን መብራት ይመልከቱ። ይህ መብራት ቁልፍ ሲከፈት መብራት አለበት፤ ካልበራ፣ አምፖሉ የተቃጠለ ካልሆነ በስተቀር፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ኃይል አላገኘም ማለት ነው። ያን ጊዜ ፓምፕንም ካንዴላንም ይርሱና ኢኤፍአይ (EFI) የሚል ምልክት ያለበትን ፊውዝና ሪሌ፣ ቀጥሎም የቁልፉን ማብሪያ ይመርምሩ። ፊውዙን በዓይን አይቶ «ደህና ነው» ማለት አይበቃም፤ በሁለቱም ጫፍ ቮልት መኖሩን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ማረጋገጥ ያስፈልጋል፣ የተሰካበት ጥርስ ልል ሆኖ ጠቁሮ ከሆነም ይታያል። ሪሌውን በጣት ይዘው ቁልፉ ሲከፈት ሲዘጋ መምታቱ ይሰማዎታል። ቁጥሩና የእግሮቹ አሰካክ ፍጹም አንድ የሆነ ሌላ ሪሌ ሳጥኑ ውስጥ ካለ ቦታቸውን ለውጦ መሞከር ይቻላል። በዚህ ዕድሜ መኪና ላይ ሪሌው ውስጥ ያለው ብየዳ በሙቀት ብዛት ይሰነጠቅና ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል፤ የእርስዎ መኪና የሚያሳየውም ጠባይ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

የቁልፉ ማብሪያ ያረጀ እንደሆነም ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ፣ ሳያዞሩት ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ ብለው ሲነቀንቁት የዳሽቦርዱ መብራቶች ይርገበገባሉ። ከባድ የቁልፍ ማንጠልጠያ የሚያንጠለጥል ሰው ይህን ብልሽት ራሱ ነው የሚያመጣው።

ቼክ ኢንጂን ከበራ ግን ወደ ሁለተኛው ይለፉ፤ ሞተሪኖው ሲያዞር የዙር መቁጠሪያውን መርፌ ይዩ፣ መኪናው መቁጠሪያ ካለው። መርፌው ትንሽ እንኳ ከፍ ካለ የእሳቱ ዑደት እየሠራ ነው፤ ከዜሮ ፈጽሞ ካልተነሣ ጥርጣሬው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ፣ ማለትም ዙሩን ወደሚያነበው ጥቅልል ሽቦ፣ ወደ ኢግናይተሩ (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚቆራርጠው) እና ወደ ቦቢናው (ቮልቱን ለእሳት ከፍ የሚያደርገው) ይዞራል። ከዚያ በኋላ ትርፍ ካንዴላ በአንዱ የካንዴላ ገመድ ላይ ሰክተው፣ የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር በሚገባ አስነክተው፣ እጅዎን አርቀው ሌላ ሰው እንዲያዞር ያድርጉ። ብርቱ ሰማያዊ እሳት መታየት አለበት። በአቅራቢያው ቤንዚን የነካው ጨርቅ እንዳይኖር ይጠንቀቁ።

ፓምፑን አይግዙ ያልኩበት ዋናው ምክንያት እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ ኮሮላዎች ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ፓምፑ ሥራውን የሚቀጥለው ኮምፒውተሩ የሞተሩን መዞር የሚያሳየው ምልክት እስከደረሰው ድረስ ብቻ ነው። ምልክቱ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ፓምፑንም ያቆመዋል። ስለዚህ አንድ መካኒክ «ፓምፑ ድምፅ የለውም» ቢልዎ ያየው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፣ የደረሰበት መደምደሚያ ግን አይከተልም፤ ፓምፑ ጤነኛ ሆኖ የሚያዘው ነገር የጠፋበት ሊሆን ይችላልና። እንዲሁም ቁልፍ ሲከፈት ብቻ የፓምፕ ድምፅ አለመሰማቱ በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ተፈጥሯዊ ነው፤ ፓምፑ የሚነሣው ሞተሪኖው ሲያዞር ነው።

ፓምፑን ለብቻው መፈተን የሚቻለው እንዲህ ነው። ኮፈን ስር ክዳን ያለው ትንሽ የመመርመሪያ ሳጥን አለ፤ ክዳኑ ውስጥ የቀዳዳዎቹ ስም ተጽፏል። ኤፍፒ (FP) እና ቢ ፕላስ (+B) የተባሉትን ሁለቱን በአጭር ሽቦ አገናኝተው ቁልፉን ሲከፍቱ ፓምፑ ያለ ኮምፒውተሩ ትእዛዝ መሥራት አለበት። ከኋላ ወንበሩ አጠገብ ወይም በነዳጅ መሙያው አፍ ጆሮ ቢያስጠጉ ይሰማል። ቀዳዳ መሳሳት ዋጋ ስለሚያስከፍል ጽሑፉን ደጋግመው ያንብቡ፤ ካልተነበበልዎ ይተዉት። እምቢ ባለበት ሰዓት በዚህ መንገድ ፓምፑ ከሠራ፣ ፓምፑና ገመዱ ነጻ ናቸው። ካልሠራና የጋኑን ስር በእንጨት መታ መታ ሲያደርጉት ከተነሣ፣ ያን ጊዜ ግዙ ያለዎት ሰው ትክክል ነው። በነገራችን ላይ ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በውስጡ በሚያልፈውና በዙሪያው ባለው ቤንዚን ስለሆነ፣ በጋኑ ጥቂት ቤንዚን ይዞ ዳገት የመውጣት ልማድ ካለዎት ይተዉት።

አንድ ነገር ሳይጠቅሱ ቀርተዋል፤ መኪናው በኋላ የተገጠመ አላርም አለው? ካለው ከሁሉ በፊት እርሱን እጠረጥራለሁ። ከድሬው ሳቢያን ሰፈር የመጣልኝን አንድ ተመሳሳይ ኮሮላ ከመሪው ስር ያለውን ፕላስቲክ ስፈታ፣ የአላርሙ ገጣሚ የእሳቱን ዋና ገመድ ቆርጦ በጣት ጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ ጠቅልሎት ነበር። የድሬ ሙቀት የፕላስተሩን ማጣበቂያ አቅልጦ እንደ ጥቁር ሽሮፕ አንጠባጥቦታል፤ ሽቦው ልል ሆኖ ጫፉ አረንጓዴ አብቅሏል፣ አንዱም ዘለላ በራሱ ሙቀት ቡናማ ሆኗል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ሞተሩ ጠፋ፤ ለቅቄው ስመልሰው ተነሣ። ያ መኪና ከዚያ በፊት ቦቢናው ተቀይሮለት ነበር። እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ተበይዶ ወይም በትክክለኛ ማያያዣ ተጨምቆ በሙቀት በሚሸበሸብ ቱቦ መሸፈን አለበት እንጂ ፕላስተር እንደገና መጠቅለል መፍትሔ አይደለም።

ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲውና ወደ ሞተሩ የሚሄደውን፣ ማሳ የምንለውን ገመድም እግረ መንገድዎን ይፈትኑ። ቴስተሩን በቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ያኑሩና ሞተሪኖው ሲያዞር ያንብቡ፤ ከ0.2 ወይም 0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ግንኙነቱ ደካማ ነው። ባትሪው ራሱ ባረፈበት 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ሲያዞር ከ9.6 በታች አለመውረዱ፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላም ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ መሙላቱ ነው ቁም ነገሩ።

ማንም ቢነግርዎ ሁለት ነገሮችን አይፍቀዱ። አንደኛው ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ዲናሞው ይሞላል ወይ» ብሎ መሞከር ነው፤ በዚያች ቅጽበት የሚወጣው ከፍተኛ ቮልት የዲናሞውን ዳዮድና ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል፣ ቴስተር ባለበት ዘመንም ምክንያት የለውም። ሁለተኛው የተቃጠለን ፊውዝ በሲጋራ ወረቀት ወይም በሽቦ መተካት ነው፤ በዚህ የተነሣ ገመዱ ራሱ ፊውዝ ይሆናል። የሞተር እጥበት ካሳጠቡ በኋላ ብልሽቱ የጀመረ ከሆነም የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ይክፈቱት፣ ውስጡ እርጥበት ወይም ቀጭን የስንጥቅ መስመር ይፈልጉ።

ሞተሪኖው ከወትሮው በተለየ በፍጥነትና ያለ ድካም የሚያዞር ከሆነ ነገሩ ኤሌክትሪክ ላይሆን ይችላል፤ የታይሚንግ ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናል። የእርስዎ ግን ቀዝቅዞ ስለሚነሣ ይህን አልጠረጥርም።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ ሦስቱን ብቻ አይተው እዚህ ይጻፉልን፦ ቼክ ኢንጂኑ በርቷል ወይ፣ መርፌው ተነሥቷል ወይ፣ ካንዴላው እሳት ሰጥቷል ወይ። ደንገጎ ድረስ መውጣት አያስፈልግም፤ ድሬ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ቆመው ሞተሩን ለረጅም ጊዜ ቢያሠሩት፣ የዲስትሪቢዩተሩንም ክዳን አካባቢ በፀጉር ማድረቂያ ቢያሞቁት፣ ብዙ ጊዜ በግቢዎ ውስጥ እያለ ራሱን ያጋልጣል። የአላርሙንና የሪሌውን ፎቶ ቁጥሩ እንዲነበብ አድርገው ቢልኩ ደግሞ የትኛው ሪሌ በየትኛው ሊተካ እንደሚችል እነግርዎታለሁ።